ስለት በእሾህ ደሴት

ለንደን፣ ኤድመንተን
ጥቅምት 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

እታለም አስካለማርያም፣

ጉልበትሽ እንዴት ሰነበተ? ጆሮሽን አልጠይቅም፤ ስልክ አልሰማም ካለሽ ወዲህ እሱን ለእግዚአብሔር ትቼዋለሁ። እኔ ደኅና ነኝ። ልጄ ሲናም ደኅና ናት፤ መጋዘኑ ውስጥ ከሌሊት ወደ ቀን ሥራ አዙረዋታል። ይህን የምትጽፍልኝ ጎረቤቴ ወይዘሮ ርግኣት ናት። አስመራ ተወልዳ አማርኛን በትምህርት ቤት የተማረች ናት፤ ከአንተ የተሻለ አውቀዋለሁ ትላለች። ትበል። እኔ ተናጋሪ፣ እሷ ጸሐፊ፤ ነገሥታትም እንዲሁ ነበር የሚያደርጉት።

ከሰላምታው ወደ ጠቡ ልለፍ። ሬድዋን ከባሕር ዳር ተመልሶ መጣ። የላክሁልሽን አድርሷል። "እንዴት አገኘሃት?" ስለው ወሬ ማዞር ጀመረ። ሬድዋን ታክሲ ነጂ ነው፤ ወሬ የሚያስቀር ሰው አይደለም፤ ያዝሁና አወጣሁት። ክንዷ እንደ ጧፍ ቀጥኗል አለኝ። በፍስክ ቀን እንኳ ቅቤ፣ ወተት፣ እንቁላል በአፏ አይዞርም አለኝ። ለካ እኔ እዚህ ልቤን ተከፍቼ የተኛሁ ጊዜ በሐይቁ ደሴት ላለው ለጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን ተስለሽ ኖሯል። "ወንድሜ ከዳነ ባለ ዘርፍ ጥላ ይዞ በገዛ እግሩ ይገባል፤ ጥላው እስኪገባ ጥሉላት አልቀምስም" ብለሽ።

ማን ጠየቀሽ? በእኔ እግር ስትሳዪ እኔን አማክረሻል? ዓመት አልፎ ዓመት ሲተካ ዝም ያልሽኝስ ምን ልሁን ብለሽ ነው?

መቼ ትመጣለህ ላልሽው፣ አልመጣም። ሐኪሞቹ አውሮፕላን ከልክለውኛል። ባለፈው አፖይንትመንት ሲና ደጋግማ ጠየቀቻቸው፤ መልሱ ያው ነው። ሂትሮው የአውሮፕላን ሆድ እየጠረግሁ ጡረታ የወጣሁ ሰው ዛሬ አትሳፈር ተባልሁ። "ክረምቱ ይውጣ፣ ብርዱ ይለፍ" እያልሁ ያዘገየሁብሽ ለዚህ ነው።

ስለዚህ ስለቱ ይፈታ። ለንስሐ አባትሽ ንገሪያቸው። ትናንት ሲና እንቁላል ጠብሳ አቀረበችልኝ፤ አልወርድ አለኝ። በንዴት ነው እንጂ በፍቅር አይደለም፤ እንዳይመስልሽ።

ወንድምሽ ገብረ መድኅን


ባሕር ዳር
ኅዳር 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለገብሬ፣

ቁጣህ በደኅና ደረሰኝ። ጽሕፈቱ የሌላ ሰው ቢሆንም በቁጣው አንተ መሆንህን ለየሁ። ወይዘሮ ርግኣትን አመስግንልኝ፤ ፊደሏ የሚያምር ሰው ናት። ሬድዋን ያጋንናል። ክንዴ ድሮም ቀጭን ነበር።

የአውሮፕላኑን ነገር ሳነብ አለቀስሁ፤ ከዚያ መዳንህን አስቤ ተውሁት። ንስሐ አባቴ ዘንድ ሄጄ ነበር። "አንቺ ያሰርሽውን እኔ እንዲያው ብድግ ብዬ አልፈታም፤ ስትሳዪ ምን ነበር ያልሽው?" አሉኝ። ነገርኋቸው፤ ወንድሜ በውሃ መካከል ባለው በጴጥሮስ ደጅ ቆሞ ጥላ ያገባል ነበር ያልሁት። ከዚያ እንዲህ አሉኝ፦ "ጴጥሮስ የአንድ አገር ብቻ አይደለም። ሰውየው ባለበት አገር በውሃ መካከል ያለ የጴጥሮስ ደጅ ከተገኘ በዚያ ቆሞ ያድርስ። ጥላውን ደግሞ ለተቸገረ ደብር ይስጥ። እኔ እቀበለዋለሁ።"

እዚያ ትልቅ ወንዝ አለ ትለኝ ነበር። ደሴት የለውም?

ጥላውን ሰፍቼ ከጨረስሁ ቆይቷል። ቀይ ከፋይ ነው፤ ዘርፉ ወርቅማ። ሬድዋን እናቱን ሊጠይቅ በጥር ይመለሳል ብለውኛል፤ በእሱ እልከዋለሁ። ስለ ምግቤ አትጨነቅ። ሽሮ ሰው ገድሎ አያውቅም።

እኅትህ አስካለማርያም


ለንደን፣ ኤድመንተን
የካቲት 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

እታለም፣

ጥላው ደረሰ። ሂትሮው ላይ ሬድዋንን ጥቅሉን አስፈቱት፤ ሲዘረጋ ፈታሾቹ አጨበጨቡ ይላል። ከፋዩን በእጄ ዳሰስሁት። ዓይንሽ ገና ክር ያስገባል ማለት ነው። ሙያሽን አላሞግስም፤ ራስሽ ታውቂዋለሽ።

ሞቶ ነው እንዴ ዝም ያለው ላልሽው፣ ደሴት ስፈልግ ነበር። ይህ ወንዝ ደሴት ሞልቶታል። ወይዘሮ ርግኣት በባቡርና በባስ አድርጋ ከከተማው በስተ ምዕራብ ወዳለ አንድ ደሴት ወሰደችኝ። በጠባብ ድልድይ ተሻገርን። ሠዓሊ፣ ጀልባ ጠጋኝ፣ ዳክዬ። ቤተ ክርስቲያን የለም።

"ጴጥሮስ እዚህ ምን ሊሠራ ይመጣል?" አልኋት።

"ዓሣ አጥማጅ አልነበረም እንዴ?" አለችኝ። ካቶሊክ ናት፤ ጴጥሮስን እንደ አጎቷ ነው የምታየው። ይህንንም ጻፊ አልኋት፤ ይኸው እየሳቀች ትጽፋለች።

ያገኘችው ሲና ናት። ራት ላይ ስልኳን ቼክ ስታደርግ ቆየችና "አባዬ፣ ዌስትሚንስተር እኮ የጴጥሮስ ነው" አለች። ነገሥታቱ የሚነግሡበት ታላቁ ቤተ ክርስቲያን፣ እዚያው ከተማው እምብርት ላይ ያለው። የቆመበትም መሬት ደሴት ነው፤ ባንድ ወገን ቴምዝ፣ በሌላው ትንሽ ወንዝ ለሁለት ተከፍሎ ዙሪያውን ይዞታል። ስሙም የእሾህ ደሴት ነው። እሾሁን መንጥረው መነኮሳት ገቡበት። ቤተ ክርስቲያኑ ሊባረክ በዋዜማው ጴጥሮስ ራሱ መጥቶ አንድ ዓሣ አጥማጅ በጀልባ አሻገረው ብለው ያወራሉ። እውነት ይሁን ተረት ሲና አታውቅም። እኔ ግን በጀልባ ከተሻገረ ውሃ አለ ማለት ነው አልሁ።

በዚያ በኩል በባስ ስንት ጊዜ አልፌያለሁ። ውሃ ያየሁት በአንድ ወገን ብቻ ነው፤ ሌላው በጀርባው ይሆናል።

ጥላውን ከፋሲካ በፊት አገባዋለሁ። ፋሲካን እንደ ሰው ትፈቺያለሽ።

ገብረ መድኅን


ለንደን፣ ኤድመንተን
መጋቢት 29 ቀን 2017 ዓ.ም.

እታለም፣

ጤና ነኝ። ብርዱ ለቋል። ጥላው እቤት ነው። ገባህ ወይስ አልገባህም ብለሽ አትጠይቂኝ። ሲና ትስምሻለች።

ገብረ መድኅን

ወይዘሮ አስካለማርያም፣ ይህች ደግሞ ከጸሐፊዋ ከርግኣት ናት። እሳቸው ሻይ ሊያፈሉ ጓዳ ገብተዋል፤ ስኳሩን እስኪያገኙት ጊዜ አለኝ። ሄደን ነበር። ከደጁ ደርሰን ተመለስን። ለምን እንደ ሆነ አትጻፊ ብለውኛል፤ እኔም አልጽፍም። ታመው ግን አይደለም፤ ይህን ይወቁልኝ። እባክዎ ፋሲካን እኛን ሳይጠብቁ ይብሉ።


ለንደን፣ ኤድመንተን
ሚያዝያ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

እታለም፣

ጸሐፊዬ ከጀርባዬ እንደ ጻፈችልሽ ከመልስሽ ገባኝ። ተኳረፍን። ለእርቅ የመጣው ግን እኔ ነኝ፤ በዚህ ሰፈር ሌላ አማርኛ የሚጽፍ ሰው የለማ።

ፋሲካንም በሽሮ አሳለፍሽው። ሰው ሁሉ ዶሮ ሲበላ አንቺ "ገና ነኝ" ብለሽ ዞር አልሽ አሉ። የሬድዋን እናት ናት የነገረችው። ስለዚህ አፍንጫዬን ይዘሽ የጠየቅሽኝን እነግርሻለሁ።

ዌስትሚንስተር የሄድን ዕለት ሙሉ ልብሴን ለብሼ ነጠላ ደረብሁ። ጥላ ታጥፎ ስለት አይሄድም ብዬ ከባቡር ጣቢያው ስወጣ ዘረጋሁት። እንደ ወጣን ርግኣት "አቶ ገብረ መድኅን፣ ወደ ኋላ ዞር ይበሉ" አለችኝ። ስዞር ሕዝብ ተከትሎኛል። ቻይና ይሁኑ ጃፓን አላውቅም፤ ካሜራ በደረታቸው ያንጠለጠሉ። እኔ ስቆም ይቆማሉ፤ ስሄድ ይሄዳሉ። ለካ እዚህ አገር ጎብኚ የሚመራ ሰው ጥላ ከፍ አድርጎ ነው የሚሄድ፤ ጎብኚው እሱን እያየ ይከተላል። እኔ ይህን በምን አውቄ! አንዲት ሴትዮ ቀርባ አንድ ነገር ጠየቀችኝ።

"ምን ትላለች?" አልኋት ርግኣትን።

"ሽንት ቤቱ በየት ነው ትልዎታለች።"

ከእውነተኛው መሪያቸው ጋር እስኪገናኙ ድረስ አስከትያቸው ደጁ ድረስ ሄድሁ። ባዶ እጁን መጣ አይለኝም ጴጥሮስ።

ከዚያ ከመግባቴ በፊት ውሃውን ልይ አልሁ። ዞርሁ። ባንድ በኩል ሣር። ባንድ በኩል የመኪና መንገድ። በሌላው ትምህርት ቤት። ቴምዝ ከምክር ቤቱ ኋላ አለ፤ የቀረው ሁሉ አስፋልት ነው። አንዴም ደግሜም ዞርሁ። በሩ ላይ ካባ የለበሰች ሴት ቆማለች፤ የበር ጠባቂነቱን ማዕረግ ለሴት ነው የሰጡት። ርግኣት ጠየቀችልኝ። ሴትዮዋ ጨዋ ናት፤ እጇን እያወናጨፈች በደንብ አስረዳችን። ደሴት ነበር አለች። ትንሹን ወንዝ ከጥንት ጀምረው ሸፈኑት፣ በላዩ መንገድ ሠሩበት፣ ዛሬ ማንም አያየውም አለች።

"ታዲያ ደሴት አይደለማ" አልሁ።

"ነበር ነው የምትልዎ" አለች ርግኣት።

በነበር ስለት አይገባም። ጥላውን አጥፌ ተመለስሁ። በባቡር ውስጥ ርግኣት "ማን ያያል? ገባ ብለን ብንጽፍላቸው ይበሉ ነበር" አለችኝ። እኅቴን በውሸት አላበላትም አልኋት። የራባት በእውነት ነው።

ይኸው ነው። እንግዲህ ወይ ንስሐ አባትሽ ሌላ መንገድ ይፈልጉ፣ ወይ ብዪ።

ገብረ መድኅን


ባሕር ዳር
ግንቦት 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለገብሬ፣

ልብህን ሲከፍቱ ኩራትህንም አብረው ያወጡልሃል ብዬ ነበር። አልነኩትም።

ስለ ጎብኚዎቹ ያልኸውን ለንስሐ አባቴ ሳነብላቸው መቋሚያቸውን ተደግፈው ሳቁ። ስለ ውሃው ግን አልሳቁም። እኔ ነኝ ነገሩን ያነሳሁት። አንተ ደሴታችንን የምታውቀው በታንኳ ነው፤ ከአገር ከወጣህ በኋላ የሆነውን አታውቅም። አንድ ክፉ በጋ ሐይቁ ሸሸ። ታንኳዎቹ ደረቅ ላይ ቀሩ። እኛ ለጴጥሮስ በዓል ጫማችንን በእጃችን ይዘን በጭቃው ላይ በእግራችን ገባን። ጭቃው እስከ ጉልበት ነበር፤ አንዷን ባልቴት አራት ሆነን ጎትተን አወጣናት። ካህናቱ "ዘንድሮ ደሴት የለም፣ ተመለሱ" አላሉንም። ቀድሰው አቆረቡን።

ይህን ስነግራቸው ንስሐ አባቴ "ውሃው ከመሬት በታች ካለ አለ፤ እዚያ የሸሸው ወደ ታች ነው" አሉ። መኖሩን ግን ራስህ አረጋግጥ። ይህችን የጨመርሁት እኔ ነኝ፤ በሰው ቃል እንደማትገባ ስለማውቅህ። አይተህ ወይም ሰምተህ ጻፍልኝ።

የሐዋርያት ጾም በሐምሌ አምስት በራሱ በጴጥሮስ በዓል ይፈታል። ያን ቀን ከሰው ጋር ብፈታ ደስ ይለኛል። እስካሁን እንዲህ ብዬህ አላውቅም።

ደግሞ ባለፈው ሰንበት ከቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ወደቀች ብለው ቢነግሩህ አትመን። ተቀመጥሁ እንጂ አልወደቅሁም።

እኅትህ አስካለማርያም


ለንደን፣ ኤድመንተን
ሰኔ 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

እታለም፣

እንዴት እንደ ተቀመጥሽ ሰምቻለሁ። ተሸክመው ነው ያስገቡሽ አሉ። የጭቃውን ነገር ያለዛሬ አልነገርሽኝም፤ እሱንም ይዤብሻለሁ።

ዝናብ እስኪጥል ጠበቅሁ። እዚህ አገር ለዚያ ብዙ መጠበቅ አያሻም። ሲናም ፈቃድ ወስዳ አብራን መጣች። ጥላውን አልዘረጋሁም፤ ተምሬያለሁ። በቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ባለው መንገድ ላይ የብረት ክዳን አለ፤ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው። ጥላውን ለሲና ሰጥቼ በጉልበቴ ወረድሁ። ጆሮዬ አልደርስ አለ። ተኛሁ።

"አባዬ፣ ተነሥ፣ ሰው እያየን ነው" ትላለች ሲና። ይይ። ወዲያው አንድ ፖሊስ መጣ። ምክር ቤቱ አጠገብ መሬት ላይ የተኛ ሽማግሌና ዘንግ የሚያህል ነገር የያዘች ሴት ሲያይ ባይመጣ ነበር የሚገርመኝ።

"ምን ጠፍቷቸው ነው? ይላል" አለችኝ ርግኣት።

"ወንዝ በይው" አልሁ።

ነገረችው። እኅቴ እንደማትበላም ነገረችው፤ ያን አላዘዝኋትም። ፖሊሱ ጥላውን ትንሽ ከፈት አድርጎ አየ። ከዚያ ቆቡን አውልቆ ከአጠገቤ ተንበረከከ። እንደዚያ ሆነን አዳመጥን። መኪናው አለፈና ጸጥ ሲል ተሰማን፤ ከግድግዳ ማዶ ሰው ሲያወራ ድምፁ እንጂ ቃሉ እንደማይለይ፣ እንደዚያ ሆኖ ይሄዳል።

"አለ" አለ ፖሊሱ። ይህች ያለ አስተርጓሚ ገባችኝ።

ርግኣት የዝናብ ፍሳሽ ሊሆን ይችላል ትላለች። እንዳልዋሽሽ እሱንም ጻፊ ብያታለሁ። ለዚያችው ካባ ለለበሰችው ሴት የቦታውን አቅጣጫ ነገርናት፤ አሮጌው ወንዝ በዚያ በኩል ነው የሚያልፈው አለች። ፍሳሽም ይሁን ወንዝ ደሴቱን ዞሮ ወደ ቴምዝ ነው የሚገባው። እኔ ሰምቻለሁ። አምኛለሁ።

ለሠርክ ጸሎት ማንም ይገባል። ገባን። ሴትዮዋ ጥላው ታጥፎ እንዲቆይ ለመነችኝ፤ እሺ አልሁ። ነጭ የለበሱ ዘመሩ። ቃሉ አልገባኝም። የማኅሌቱም ቅኔ ቢሆን ገብቶኝ አያውቅም፤ መቆም ግን አውቃለሁ። ሌላው ሲቀመጥ እኔ እስከ መጨረሻው ቆምሁ። ሲና ቀሚሷን እያስተካከለች፣ እያፈረች፣ እሷም ቆመች።

ሕዝቡ ሲወጣ ሴትዮዋ መጣችና ግራ ቀኝ አየች። "አንዴ" አለች። ዘረጋሁት። እታለም፣ ያ ሁሉ ወርቅና እብነ በረድ ባለበት ቤት ያንቺ ከፋይ አላፈረም። "ጴጥሮስ ሆይ፣ ይህ የአስካለማርያም ነው። እኔ የዳንሁት ነኝ። አውሮፕላን ስለከለከሉኝ እዚህ ተቀበለኝ" አልሁ፤ ሌላ ጸሎት አልመጣልኝም። ርግኣት በካቶሊክ አማተበች። ሴትዮዋ አንገቷን ዝቅ አደረገች። ሳጥፈው ሁለት ጎብኚዎች ከኋላዬ ተሰልፈው ቆመዋል።

በማግስቱ ቶተንሃም በኪራይ አዳራሽ ለሚቀድሱት ያገራችን ልጆች ሰጠኋቸው። የነበራቸው ጥላ አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም ዘንጉ ተሰብሮ በፕላስተር ታስሯል።

አበቃ። ሐምሌ አምስት ብዪ።

ገብረ መድኅን


ባሕር ዳር
ሐምሌ 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለገብሬ፣

ደብዳቤህን ንስሐ አባቴ ቆመው ሰሙት። "ተፈጽሟል" አሉኝ።

በበዓሉ ከቅዳሴ መልስ ጎረቤት ተሰበሰበ። የሬድዋን እናትም መጣች፤ እርጎ ይዛ። ሁሉም አፌን ያያሉ። ቀመስሁ። ጣዕሙን ረስቼው ኖሮ ፊቴን ሳጨማድድ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ሌሊቱን ሆዴን አመመኝ፤ በማግስቱ ግን ደገምሁ። ጉልበቴ ትንሽ መለስ ብሏል። ትናንት ያለ ምርኩዝ ደጅ ወጣሁ።

ደስ ብሎኛል። ግን አንድ ነገር ልንገርህ። ሥጋውንና ቅቤውን እስካሁን አልነካሁም። እንዲህ ስል አትቆጣ። በእነዚያ ዓመታት ሁሉ በየማዕዱ እጄን ስሰበስብ አንተን አስብ ነበር። ትመጣለህ ብዬ የምጠብቅህ በዚያ ነበር። አሁን አትመጣም፤ ስለቱም አልቋል። ጠግቤ ስበላ አንተን የምረሳህ እየመሰለኝ ፈራሁ። አንዱን ነገር፣ ቅቤውን ብቻ እንኳ፣ ለአንተ ብዬ ላስቀረው ይሆን? ያለ ስለት፣ እንዲያው።

ምን ትላለህ?

እኅትህ አስካለማርያም


ለንደን፣ ኤድመንተን
ሐምሌ 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

እታለም፣

እርጎውን ስሰማ ሲናን ጠርቼ ርግኣት ደግማ እንድታነብ አደረግሁ። ያለ ምርኩዝ የወጣሽውን ደግሞ ብቻዬን ሆኜ አሰብሁት።

ስለ ቅቤው ለጠየቅሽኝ፦ አይሆንም። እንዳልቆጣ ብለሽኛል፤ አልተቆጣሁም፤ ርግኣት ምስክሬ ናት። ግን አይሆንም። አንቺ ስትከሺ እኔ አልቀርብሽም። እኔ እዚህ ስበላ እየበላሁ አስብሻለሁ፤ አንቺም አልጠፋሽብኝም። ከቀዶ ጥገናው ስነሣ በማንኪያ ነው ያስጀመሩኝ፤ አንቺም እንደዚያው በትንሽ በትንሹ አድርጊ። ዛሬ ቅቤ በጣትሽ ጫፍ። ነገ ከመረቁ። ሥጋውን ፍልሰታ ሳይገባ ጀምሪ፣ ከዚያ ወዲያ የሁሉም ጾም ነው፣ ከሁሉ ጋር ትጾሚያለሽ፣ ከሁሉ ጋር ትፈቺያለሽ።

በየማዕዱ አስብሃለሁ ካልሽ አስቢኝ። አልከለክልሽም፣ ደስም ይለኛል፤ ይህን ስል ርግኣት ብዕሯን አቁማ አየችኝ፤ ጻፊው አልኋት። አፍሽ ሞልቶ አስቢኝ።

ለእኔ ብለሽ የተውሽውን፣ ለእኔ ብለሽ ብዪው።

ወንድምሽ ገብረ መድኅን